የሚዛን ክፍሉ እንግዳ

መጀመሪያ ያበጠው የግራ ዓይኔ ቆብ ነው፤ ማክሰኞ ቀን። ሰው ሲጠይቀኝ «ትንኝ ናት» አልኩ። ዓርብ ሁለቱም አበጡ። በሚቀጥለው ማክሰኞ መስታወት ፊት ስቆም በቡጢ የተደበደበ ሰው መስዬ ራሴን አገኘሁት፤ ያን ጊዜ ትንኟን በነፃ አሰናበትኳት። ትንኝ ቀን ቆጥራ አትነክስም። ቀን የሚቆጥር ሰው ነው።

ታዴዎስ እባላለሁ። ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ባለ አንድ አነስተኛ የግል ላብራቶሪ ውስጥ የደህንነት ኃላፊ ነኝ። ሥራዬ መጠርጠር ነው ብል ውሸት አይሆንም። ያልተከደነ ጠርሙስ ካየሁ እጠረጥራለሁ፤ የተከደነ ካየሁ ደግሞ ማን ከደነው፣ ለምንስ ከደነው እላለሁ። ባለቤቴ «አንተ እኮ የራስህን ጥላ መታወቂያ ትጠይቃለህ» ትለኛለች። ትበል። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር ያሉት አበው ላብራቶሪ ገብተው ባያውቁም የእኔን ሥራ አሳምረው ያውቁት ነበር።

እኛ ጋ የሚሠራው በፔፕታይድ ላይ ነው። ፔፕታይድ ማለት የፕሮቲን ቁራጭ ነው፤ ውጭ አገር ተሠርቶ፣ በደረቅ በረዶ ታሽጎ፣ በካርጎ ይመጣልናል። ጀርም ይገድል እንደሆነ እንሞክረዋለን። ብልቃጡን ብታዩት ባዶ ይመስላችኋል፤ ታች ተጣብቃ የምትታይ ብን ያለች ነጭ ዱቄት ብቻ ናት ያለችው። ይህቺ ዱቄት ሰው ላይ ምን እንደምታደርግ ገና በቅጡ የሚያውቅ የለም። «ለምርምር ብቻ» የሚለው ጽሑፍ ትርጉሙ ይኸው ነው። ስለዚህ ጉዳቷ እስኪታወቅ ድረስ እንደ ክፉ ትያዛለች።

የአያያዝ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሃያ ሦስት አንቀጽ። ብልቃጡ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ አይከፈትም፤ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ይቆያል፤ አለዚያ ከአየሩ እርጥበት ይስብና ዱቄቱ ይበላሻል። የሚከፈተውም የሚመዘነውም አየር ወደ ውስጥ በሚስብ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። ጓንት፣ መነጽር፣ ጋውን የግድ ነው። ጋውኑ ደግሞ ከሚዛን ክፍሉ ንቅንቅ አይልም፤ እዚያው ይለበሳል፣ እዚያው ይወልቃል፣ እዚያው ይሰቀላል። ይህን ሁሉ አስቤ ስጽፍ ቀዳዳ የተውኩ አልመሰለኝም ነበር።

የምትመዝነው ውባንቺ ናት። የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለት ታክሲ ይዛ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ ከሁላችንም ቀድማ ትገባለች። ይሄ ራሱ ያጠራጥረኝ ነበር፤ ከየካ አባዶ ተነስቶ በሰዓቱ የሚደርስ ሰው አላውቅም። የተቀጠረችው ለአንድ ዓመት በኮንትራት ነው። የካቲት ሲያልቅ ወይ ቋሚ ትሆናለች ወይ ትሰናበታለች፤ ለዚያም የእኔ አንድ ገጽ አስተያየት ያስፈልጋል። ቋሚ ከሆነች ታናሽ እህቷን አምጥታ እዚህ ልታስተምር እንዳሰበች መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

የምትመዝንባቸው ቀኖች ማክሰኞና ዓርብ ናቸው። እኔም የማብጠው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ሁለቱን ሳገናኝ የተሰማኝን ደስታ አልደብቃችሁም።

የሚዛን መዝገቡን አገላበጥኩ። በየመመዘኛው ቀን ከዱቄቱ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፤ ሁለት ሚሊግራም፣ ሦስት ሚሊግራም፤ ጥቂት የጨው ቅንጣት በሉት። ሌላ ሰው ቢሆን በሚዛኑ ያመካኝ ነበር። እኔ ግን አሌክስ ትዝ አለኝ። አሌክስ የውባንቺ የአክስት ልጅ ነው፤ ገርጂ ጂም ያሠራል፤ ክንዱ የእኔን ጭን ያክላል። አንድ ሁለቴ ሊወስዳት በር ላይ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ። ጂም የሚሄዱ ሰዎች ለመክሳትም ለመፈርጠምም ፔፕታይድ የሚሉትን ነገር ይወጋሉ የሚል ወሬ ደግሞ ቴሌግራም ላይ አንብቤያለሁ። የእኛ ዱቄት ከጀርም ጋር እንጂ ከቦርጭ ጋር ጉዳይ እንደሌለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለጥርጣሬ ግን የስሙ መመሳሰል በቃኝ።

ዓይኔስ? እሱም ወዲያው ተገለጠልኝ። ዱቄቱን እያወጣች ነው፤ እንዳልደርስባት ደግሞ ከዚያው ላይ ቆንጥራ እየቀባችብኝ ነው። የኮምፒውተሬን ቁልፎች በአልኮል መወልወል ጀመርኩ። ሻይዬን ጠረጴዛ ላይ ትቼ መውጣት አቆምኩ። ሳይንስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን አንድ ቀን ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ «ይቺ ልጅ አንድ ነገር አድርጋብኛለች» ብዬ ጮክ ብዬ ስናገር ባለቤቴ ሰማችኝ።

«ጠበል ልውሰድህ ወይስ ሐኪም ቤት?» አለችኝ።

ሁለቱንም እምቢ አልኩ። ሐኪም የሚያገኘው በሽታ ነው፤ እኔ የምፈልገው ወንጀለኛ ነበር።

በመመዘኛ ቀን አንዴ እገባ የነበርኩት ሦስቴ መግባት ጀመርኩ። በሩን ሳላንኳኳ ብርግድ አደርገዋለሁ። ውባንቺ እጆቿን ከሳጥኑ አውጥታ ብድግ ትላለች፤ ጓንት ስላጠለቀችም የቀኝ እጇን አንጓ ትዘረጋልኛለች። እኔም እጅጌዋ ላይ ጨበጥ አድርጌ ሰላም እላታለሁ። ይህን ወግ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ጥቅምት ላይ ስገባባት ከወንበሯ ሳትነሳ «ደህና አደሩ ጋሽ ታዴዎስ፣ እጄ ሥራ ላይ ነው» ብላኝ ነበር። በጣም ነበር ቅር ያለኝ።

«እጅሽ ሥራ ላይ ከሆነ አንጓሽ የት ሄደ?» አልኳት ያኔ። «እጁ ወጥ የነካ ሰው እንኳ እንግዳ ሲገባ ብድግ ብሎ አንጓውን ይሰጣል። እኛ ቤት እንዲህ ነው ያደግነው።»

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጎደለችም። አሁን ሳስበው ግን ይህም አጠራጠረኝ። ምክንያት ሳይኖረው እንዲህ የሚያከብር ሰው የት አለ?

«ምን ፈለጉ ጋሽ ታዴዎስ?» ትለኛለች።

«ምንም። ብልቃጡ ቅዝቃዜው ለቆታል?»

«ሃያ ደቂቃ ሆኖታል።»

«ጓንትሽን ቀይረሻል?»

«እቀይራለሁ፤ እርስዎ ሲወጡ።»

እርስዎ ሲወጡ! ይህቺን ቃል ወጥቼ ደብተሬ ላይ ጻፍኳት፤ ከሥሯም ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት። እኔ ስወጣ የሚደረግ ነገር እኔ እያለሁ የማይደረገው ለምንድን ነው?

ነገሩን የጨረሰልኝ የክስተት መዝገቡ ነው። ሠራተኛው በሥራ ላይ ችግር ሲያጋጥመው የሚጽፍበት፣ እኔ የማነበው ደብተር ነው። ከታኅሣሥ ወዲህ ውባንቺ ሦስት ጊዜ ጽፋለች፤ በሦስቱም ያው ነገር ነው። «እንግዳ ሲመጣ ሥራ ይቋረጣል። በመመዘኛ ሰዓት እንግዳ ባይገባ መልካም ነው።» ሳነበው ላብ አጠመቀኝ። እንግዳ? የትኛው እንግዳ? ወደ ሚዛን ክፍል ከእሷና ከእኔ በቀር የሚገባ ሰው የለም! አሌክስ በዚያ ክንዱ ሳጥኑ ውስጥ ሲያገላብጥ ታየኝ።

ወደ በር ጠባቂው ወደ መሐሪ በረርኩ። መሐሪ ወታደር የነበረ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው።

«ሚዛን ክፍል እንግዳ ገብቷል?»

«ጋሼ፣ እንኳን እንግዳ እኔም ገብቼ አላውቅም» አለኝ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«በእናቴ።»

በእናቱ የማለው ለምንድን ነው ብዬ የመሐሪንም ስም ደብተሬ ላይ ጨመርኩት።

ረቡዕ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ለመውጣት በሩ ላይ ተሰብስቦ ሳለ፣ የውባንቺን ቦርሳ እንዲፈትሽ መሐሪን አዘዝኩት። መሐሪ አመነታ። ራሴ ተቀብያት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። የምሳ ዕቃ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሹራብ፣ የአንዲት ሴት የግል ዕቃዎች፣ ለእህቷ የገዛቻቸው ሦስት ደብተሮች። የምሳ ዕቃውን ከፍቼ አሸተትኩ። የሽሮ ሽታ ነው። አሥራ አንድ ሰው ቆሞ ያያል፤ አንድም ሰው አልሳቀም። ውባንቺ ዕቃዋን አንድ በአንድ መልሳ ከተተች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥፋተኛ ሰው ይንቀጠቀጣል አልኩ በልቤ፤ ያልበደለ ሰው ሲዋረድም እንደሚንቀጠቀጥ ማን ይንገረኝ።

በማግሥቱ ወደ ሥራ አስኪያጃችን ወደ ዶክተር ሰምሃል ገብቼ «ኮንትራቷ አይታደስ» የሚል ወረቀቴን አስቀመጥኩ። ዶክተር ሰምሃል ወጣት ናት፤ ልጄ ልትሆን ምንም አይቀራት፤ ግን ስታነብ ፊቷ ላይ ምንም አይታይም። አንብባ ጨረሰችና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው።

«ቦርሳዋ ውስጥ ምን አገኙ?»

«ምንም። ብልጥ ናት ማለት ነው።»

«ጋሽ ታዴዎስ፣ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አያርቁት።»

«ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ሊሉኝ ነው?»

«ተረቱን ያውቁታል እንግዲህ። ነገ ዓርብ ነው፤ ማስረጃ ያምጡ። ካላመጡ ቋሚ አድርጌ እፈርምላታለሁ።»

ማስረጃ! ደሜ ፈላ። ከሥራ ስወጣ ገርጂ ወርጄ የሱቅ ሰዎች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ባለ ሐምራዊ መብራት ገዛሁ። ለእጅ መታጠብ ሥልጠና የምንጠቀምበት ዱቄት ነበረን፤ ጉዳት የለውም፣ በተራ ብርሃን አይለይም፣ ሐምራዊው መብራት ሲያርፍበት ግን አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ዓርብ ጠዋት ጓንት አጥልቄ ከእሱ ጥቂት ባዶ ብልቃጥ ውስጥ ጨምሬ፣ አሽጌ፣ «አዲስ የመጣ ነው፣ ዛሬ ይመዘን» ብዬ ሰጠኋት። በረቀቀ ሥራዬ ራሴን አደነቅሁ። ቦርሳዋ ላይ፣ ስልኳ ላይ፣ የጫማዋ ውስጥ፣ የትም ብትደብቀው ያበራባታል።

ያን ዕለት ሦስቴ አይደለም አምስቴ ገባሁ። አምስቴ ተነሳች። አምስቴ አንጓዋን ሰጠችኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ መዝና ስትወጣ ዶክተር ሰምሃልን ጨብጬ፣ ሐምራዊውን መብራት ለመሐሪ አስይዤ፣ ውባንቺን ከነቦርሳዋ መልሼ፣ አራታችንም ሚዛን ክፍሉ ገባን። ውባንቺ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። በሩን ዘግቼ የክፍሉን መብራት አጠፋሁ።

«ከጋውኑ ጀምር» አልኩት መሐሪን።

ሐምራዊው ብርሃን የተሰቀለው ጋውን ላይ አረፈ። የቀኝ እጅጌው ጫፍ ቦግ አለ፤ አረንጓዴ።

«ይኸው!» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑ?» አለች ዶክተር ሰምሃል። «ስትመዝን ይበንናል። ጋውን የሚለበሰው ለዚህ አይደለም እንዴ? ጋውኑ ደግሞ ከዚህ አልወጣም።»

«እሺ ቦርሳዋን!»

ቦርሳዋ ጨለማ ነው። ስልኳ ጨለማ ነው። ጫማዋን አስወለቅናት፤ ምንም የለም። ሁለት እጆቿን ዘረጋች፤ እንደ ሕፃን እጅ ንጹሕ ነበሩ። መሐሪ መብራቱን ሊያጠፋ ዞር ሲል ብርሃኑ በእኔ ላይ አለፈ። ቆመ። መልሶ አመጣው።

«ጋሼ» አለ መሐሪ ቀስ ብሎ፣ «እርስዎም ላይ አለ እኮ።»

ቀኝ መዳፌን አየሁት። ሙሉ በሙሉ ያበራል። ዶክተር ሰምሃል ከኪሷ ትንሽ መስታወት አውጥታ ሰጠችኝ። የመነጽሬ ፍሬም ያበራል፤ ከመነጽሩ ሥር ሁለቱም የዓይኔ ቆቦች፣ ያ ማክሰኞና ዓርብ የሚያብጠው ቦታ፣ ተኳለው ያበራሉ። ክራቫቴ። የበሩ እጀታ። የዶክተር ሰምሃል ቀኝ እጅ፣ አሁን የጨበጥኩት።

«አድርጋብኛለች አላልኳችሁም!» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንኳ አስጠላኝ።

ውባንቺ ከግድግዳው ተነሳችና የጋውኑን እጅጌ በጣቷ ሳትነካው አመለከተች። እጅጌው ላይ ከሚያበራው መሐል አራት ጥቁር መስመሮች አሉ። ጣቶች ናቸው። አራት ወፋፍራም ጣቶች ዱቄቱን ጠርገው የወሰዱበት ቦታ።

«በእኔ ክንድ ነው የሚወስዱት» አለች። «ጋውኑ ከዚህ አይወጣም። እኔም ታጥቤ ነው የምወጣው። እርስዎ ግን ጨብጠውኝ ይወጣሉ፤ በዚያው እጅ መነጽርዎን ያነሳሉ፣ ዓይንዎን ያሻሉ።»

«የጎደለውስ?» አልኩ።

«በሩን ድንገት ሲከፍቱት ነፋስ ይገባል፤ ዱቄቱ ከሚዛኑ ላይ ይነሳል። ጥር ላይ ለለቅሶ ደብረ ብርሃን የሄዱ ጊዜ ሁለት ቀን መዝኛለሁ። ይዩት፣ ምንም አልጎደለም።»

ያንን አይቼው ነበር። እኔ ስለሌለሁ ተጠንቅቃ ነው ብዬ እሱንም ጥርጣሬዬ ውስጥ ጨምሬው ነበር።

ዶክተር ሰምሃል የክፍሉን መብራት አበራች። «ውባንቺ፣ ይህን እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም አላልኩም ዶክተር። መዝገቡ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ።»

«እንግዳ ነው ያልሽው!» አልኩ። «እንግዳ ብለሽ ነው የጻፍሽው!»

«ታዲያ ጋሽ ታዴዎስ ብዬ ልጻፍ? መዝገቡን የሚያነቡት እርስዎ ነዎት። ታላቅ ሰው በስሙ ጠርቼ 'አይግባብኝ' ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? እርስዎው ያኔ 'እንግዳ ሲገባ አንጓ ይሰጣል' አላሉኝም? የራስዎን ቃል ነው የጻፍኩት። ይገባቸዋል ብዬ።»

መሐሪ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ አፈርኩ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አንዲት ልጅ ስሜን ከውርደት ልትሸሽግ ብላ አንድ የአክብሮት ቃል ፈልጋ ጻፈች፤ እኔ በዚያችው ቃል ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀምኩ። ሃያ ሦስት አንቀጽ ስጽፍ ደንቡን ሊጥስ የሚችል ሰው ሁሉ በዓይነ ሕሊናዬ መጥቶ ነበር፤ ራሴ ብቻ ቀርቼ።

ዶክተር ሰምሃል የዚያኑ ዕለት የቋሚነት ደብዳቤውን አዘጋጀች። ውባንቺ ግን ብዕሩን አልተቀበለችም።

«ቦርሳዬ ሲዘረገፍ ያየው ሰው ሁሉ ይጠራልኝ» አለች። «እነሱ ፊት ይነገርልኝ። ከዚያ በኋላ እፈርማለሁ። ካልሆነ ደብተሮቹን ይዤ አገሬ እገባለሁ።»

ዶክተር ሰምሃል ወደ እኔ አየች። እኔ በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ አንዱም መጡ፤ የጽዳቷ ሴት፣ ሾፌሩ፣ ሒሳብ ክፍሎቹ፣ ሁሉም፤ በሚዛን ክፍሉ ኮሪደር ግራና ቀኝ ቆሙ። ውባንቺ ጋውኗን ለብሳ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ ደፍ ላይ ቆማ ነበር። ንግግር ጽፌ መጥቼ ነበር፤ ወረቀቱን ከኪሴ ሳላወጣ ጀመርኩ።

«ረቡዕ ዕለት ይህቺን ልጅ ሌባ ናት አልኳችሁ» አልኩ። «በአፌ አላልኩም፤ ቦርሳዋን ፊታችሁ ስዘረግፍ ማለቴ ነበር። አልሰረቀችም። ዱቄቱን ከዚህ ክፍል ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በእጄ። የማይሆን ሰላምታ አስገድጃት ነው። ጽፋ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ ውባንቺ።»

ሾፌሩ መሬት መሬቱን ያያል። ውባንቺ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን አልፈሰሰም።

«ጨረሱ?» አለችኝ።

«ጨርሻለሁ።»

«እሺ። የብልቃጡ ቅዝቃዜ ለቋል፣ ልከፍተው ነው። በሩን ይዝጉልኝ።»

ዘጋሁት፤ ከውጭ ሆኜ።